ለኦቦ ገመቹ ያሰማሁት ድምፅ

ሰበታ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብላ የነበረችው ሱቄ ዛሬ የስልክ ሽፋን ይሸጥባታል። የሚያውቁኝ ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ "ጋሽ በቀለ፣ ዓይንህ ደከመ አሉ፣ ጡረታ ወጣህ አሉ" ይሉኛል። እኔም "አዎ፣ ዕድሜ ነው" እላለሁ። ውሸት ነው። ዓይኔ ዛሬም መነጽር ካደረግኩ የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ ይበይዳል። እኔን ጡረታ የሚያወጣ መሥሪያ ቤት የለም፤ ራሴን ያሰናበትኩት ራሴ ነኝ። ልጆቼ "ያሳለፍከውን ጻፍልን" ሲሉኝ ደስ የሚለውን እንድጽፍላቸው ነው። ደስ የሚለውም አለ፣ እሱንም እጽፋለሁ። ግን አንዴ ብዕር ካነሳሁ የቡራዩን ነገር ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ማን ያርዳ የቀበረ፣ ማን ይናገር የነበረ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ነበርኩ።

ሥራ የጀመርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እዚሁ ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ድርሻዬ በግቢው ምሰሶዎች ላይ የተሰቀሉትን ድምፅ ማጉያዎች መንከባከብ ነበር። ደመወዙ ከወር ወር አያደርስም፤ እሱን ልተወው። አለቃዬ የአስተዳደር ኃላፊው ነበሩ። በዓለም ላይ ከራሳቸው ድምፅ አብልጠው የሚወዱት ነገር የነበረ አይመስለኝም። ንግግር ባደረጉ ቁጥር ያስጠሩኛል።

"በቀለ፣ ዛሬ ድምፄ ቀጥኗል። ማሽኑን እየው እስቲ።"

የቀጠነው የሳቸው ጉሮሮ ነው። ማጉያውን እከፍትና አቧራውን እፍ ብዬ መልሼ እዘጋዋለሁ፤ ከዚያ "አሁን ወፍሯል ጌታዬ" እላለሁ። "ይኸው! እኔ እኮ አውቄዋለሁ" ይላሉ ደስ ብሏቸው። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ሥራ ግን አልተማርኩም፤ ሥራ የተማርኩት ቡራዩ ነው።

ጋሽ ታፈሰ በጦር ሠራዊት ሬዲዮ ክፍል አገልግለው ከወጡ በኋላ ቡራዩ ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን የፋብሪካውን ማጉያ ይዤላቸው ሄድኩና ሲሠሩ ቆሜ አየሁ። ወር ሳይሞላ ፋብሪካውን ትቼ እሳቸው ጋ ገባሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ዕቃ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ካቻቢቴ አያነሱም፤ ያሸቱታል። አፍንጫቸውን ቀዳዳዎቹ ላይ ደቅነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆም ይሉና "ይሄ ትራንስፎርመር ነው" ወይም "ይሄ አይጥ ነው" ይላሉ። አይጥ ነው ካሉ አይጥ ነው። የፈቱትን ብሎን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ላይ፣ በየጉድጓዱ በተራ ያስቀምጣሉ። ሲገጥሙ አንድ ብሎን ከተረፈ ዕቃው ከቤት አይወጣም። ኤሌክትሪክ ያለበትን ነገር ሲነኩ ግራ እጃቸው ሁልጊዜ ኪሳቸው ውስጥ ናት። "ከአንዱ እጅህ ወደ ሌላው ካለፈ በልብህ በኩል ነው የሚያልፈው" ይሉኝ ነበር። ከሳቸው በፊት ዕቃውን የነካካውን ጠጋኝ፣ የፈለገውን ያህል ቢያበላሸው፣ ክፉ አይናገሩትም። እኔ ይሄን አልወረስኩም፤ እኔ እሳደባለሁ።

ከሁሉ ከሁሉ አምፖላቸው ትገርመኝ ነበር። ባለ መቶ ሻማ ተራ አምፖል ናት። የጠገኑትን ዕቃ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይሰኩትም፤ መብራቱ መጀመሪያ በአምፖሏ አልፎ ወደ ዕቃው እንዲገባ አድርገው ነው የሚያበሩት። አምፖሏ ፈዘዝ ካለች ዕቃው ደህና ነው። ቦግ ካለች ውስጥ የማይገናኝ ነገር ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ግን ጉልበቱን አምፖሏ ስለምትውጠው ዕቃው ሳይቃጠል ይተርፋል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ጋሽ ታፈሰ እጅ ላይ የተቃጠለ የሰው ዕቃ አላየሁም።

ሌላም ሕግ ነበራቸው፤ "ጥቁሩ ሁሌ መሬት ነው" የሚል። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ከማጉያ ወደ ስፒከር ሁለት ሽቦ ይወጣል፣ ቀይና ጥቁር። ድምፁን የሚያመጣው ቀዩ ነው። ጥቁሩ ከማጉያው ቆርቆሮ ጋር አንድ ስለሆነ ምንም ጉልበት የለበትም፤ እኛ መሬት እንለዋለን። ስለዚህ ሰው በጆሮ የሚደረግ ማዳመጫ ሲፈልግ ከቀኙም ከግራውም ስፒከር ሽቦ ትቀጥላለህ፣ ሁለቱን ጥቁር አንድ ላይ ትበይዳለህ፣ አለቀ። ጋሽ ታፈሰ "ጥቁሮቹን አጋባቸው" ነበር የሚሉት። እኔም በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ስንቱን እንዳጋባሁ ቁጥሩን አላውቀውም። አንድም ቀን ተበላሽቶ አያውቅም ነበር።

እሳቸው ሲሞቱ ሰበታ የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። ጥሩ ዘመን ነበር፤ ከተፍኪ ድረስ ቴፕ በአህያ ተጭኖ ይመጣልኝ ነበር። ከዚያ ካሴት ሞተ። ሲዲ መጣ፣ እሱም ሞተ። ጠጋኙ ግን አልሞተም፤ ችግሩ ይሄ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሱሉልታ አንድ ትልቅ ግቢ ተጠርቼ ሄድኩ። ሳሎኑ ውስጥ ፊልም የሚያዩበትን ኮምፒዩተር ከማጉያ ጋር እንዳገናኝ ነው የተጠራሁት። ከጠዋት ጀምሬ ገመዱን ሰካሁ፣ ነቀልኩ፣ ቀየርኩ፤ ድምፅ የለም። ማጉያውን ከፍቼ ብሎኑን በተራ ደረደርኩ፤ ደህና ነው። በዚያ በሱሉልታ ብርድ ላብ አጠመቀኝ። ምሳ ሰዓት ላይ የቤቱ እመቤት መጡና ከኋላዬ ቆመው አዩኝ።

"ጋሼ፣ ኮምፒዩተሩ ድምፁን ወደ ቴሌቪዥኑ እየላከው እኮ ነው። ወደ ማጉያው ላክ ይበሉት" አሉና ማውዙን ይዘው ጥግ ላይ ያለች ምልክት አንዴ ጫን አደረጉ። ቤቱ በሙዚቃ ተሞላ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ታክሲ ውስጥ ስገባ ግን ማልቀስ አማረኝ። በዚያ ዕድሜዬ ደብተር ገዝቼ፣ ከማንም ከምንም እየጠየቅኩ፣ የኮምፒዩተርን የድምፅ ነገር እንደ ፊደል ቆጠርኩት። ዓመት ሳይሞላ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ "ኮምፒዩተርና ማጉያ ከሆነ ጋሽ በቀለን ጥሩ" መባል ጀመረ። ኮራሁ። ከሥራዬ ሁሉ የከፋው ያ ኩራት ነው።

አምፖሏንም የተውኳት በዚያን ጊዜ ነው። ከባድ ትራንስፎርመር የሌላቸው አዳዲስ ዕቃዎች ከሷ ጋር አይስማሙም፤ በሷ በኩል ስታበራቸው ብልጭ ድርግም ይላሉ እንጂ በደንብ አይነሱም። ባለ መቶ ሻማ አምፖልም ከየሱቁ ጠፋ፤ ያለው የማይሞቀው ባለ ፕላስቲኩ ብቻ ነው። የኔዋ ስትቃጠል ሌላ አልፈለግኩም። ከጋሽ ታፈሰ ከወረስኩት ውስጥ የሚያድነውን ጥዬ የሚያጠፋውን ይዤ ቀረሁ ማለት ነው። ያኔ ግን ይሄን አላወቅኩም።

አንድ ቀን ጫልቱ የምትባል የቡራዩ ልጅ ሱቄ መጣች። ትምህርት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ናት። አባቷን ኦቦ ገመቹን ከጋሽ ታፈሰ ዘመን ጀምሮ አውቃቸዋለሁ፤ ሬዲዮናቸውን ስንቴ ሠርቻለሁ። እርሻቸው ቤት ተሠርቶበት ከጓሮ ያለችው ቁራጭ ብቻ የቀረቻቸው ገበሬ ናቸው። ታናሽ ልጃቸው ሌንሳ በሃያ አራት ዓመቷ፣ በአጭር ሕመም ከሞተች ዓመት ሊሞላት ነው። ሌንሳ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበረች። በራሷ ደመወዝ በገዛችው፣ ቴሌቪዥኑ ሥር በሚቀመጥ ጠፍጣፋ ኮምፒዩተር ላይ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም የምትዘምራቸውን ሰባት መዝሙሮች ራሷ ቀድታ አስቀምጣለች።

"አባ ጆሮው ከደከመ ቆየ" አለችኝ ጫልቱ። "ሌንሳ ስትዘምር አፏን እያየ ነበር የሚያለቅሰው። ካደገች ወዲህ ድምፅዋን ሰምቶት አያውቅም። እማ ተሳለች፤ ሙት ዓመቷ ዕለት ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ነጠላ ሲነሳ፣ በቤቱ መጀመሪያ የሚሰማው የሌንሳ ድምፅ እንዲሆን፣ አባም እንዲሰማት። እኔ ማጉያ ገዝቻለሁ። ጋሼ፣ አንተ ካላገናኘኸው ማንንም አላምንም።"

እነሱ ቤት ሐዘን ከገባ ዓመት እስኪሞላ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ቴሌቪዥንም በነጠላ ይሸፈናል። ያ ቤት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ የቆየው ለዚያች ቀን ነበር።

ከሙት ዓመቱ በፊት ባለው ቀን ሄድኩ። እናትየው አዴ ብርቄ በር ላይ ተቀበሉኝ።

"አካም ጅርቱ አዴ?"

"ፈያ፣ ገለታ ዋቃ። ግባ በቀለ። እጅህን እግዜር ይባርከው።"

ጫልቱ የገዛችው ማጉያ የሳሙና ካርቶን የምታህል፣ ክብደት የሌላት ናት። እኛ ማጉያን በክብደቱ ነው የምናውቀው፤ ንቄ ሳቅኩባት። ግን ትጮሃለች አሉ። ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ያለውን የድምፅ መውጫ ከማጉያዋ መግቢያ ጋር አገናኘሁ፣ ድምፁ ወደ ቴሌቪዥኑ እንዳይሄድ አስተካከልኩ፣ ሁለቱን ስፒከሮች አሰርኩ። መሞከር ነበረብኝ።

"ዓመቱ ዛሬ አልሞላም፤ እኔ አልሰማም" አሉ አዴ ብርቄና ጫልቱን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ብቻዬን ድምፁን ዝቅ አድርጌ፣ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ፣ ከሰባቱ አንዱን ከፈትኩ። በቀኙም በግራውም እኩል ይወጣል። እምምም የሚል ነገር የለውም። ዘጋሁትና ነጠላውን መለስኩ። ሥራዬ አልቆ ነበር። እዚያ ላይ ዕቃዬን ሰብስቤ ብሄድ ኖሮ ዛሬም ሰው ነበርኩ።

ጫልቱ ስትሸኘኝ "ጋሼ፣ መዝሙሮቹን ፍላሽ ላይ ልገልብጣቸው እንዴ? የሌንሳ ስልክ ከጠፋ ወዲህ ሌላ ቦታ የሉም" አለችኝ።

"ምን ያስቸኩልሻል? እንግዳው ሲወጣ ትገለብጪዋለሽ። እኔ ሽቦ ነው የማገናኘው፣ ቤት አላፈርስብሽ" አልኳት። ሳቀች፤ ዓመት ሙሉ የሳቀች አትመስልም ነበር።

ሌሊቱን ኦቦ ገመቹን አሰብኩ። ስፒከሩ ምን ቢጮህ ሳሎን ሙሉ ሰው መካከል የሳቸው ጆሮ ምን ያህል ይይዛል? ማዳመጫ ባደርግላቸው ልጃቸው ጆሯቸው ውስጥ ገብታ ትዘምርላቸዋለች። ጠዋት እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ፣ ቤት ከቀረችው ጎረቤት ጋር ገብቼ የመበየጃ ካውያዬን ሰካሁ። የኮምፒዩተሩ የብረት ፊት ላይ ያልተሠራበት ቀዳዳ ነበር። ያማረ ሥራ ይሁን ብዬ የማዳመጫውን መሰኪያ እዚያ ገጠምኩት። ከስፒከሮቹ ሽቦ ቀጠልኩ። ሁለቱን ጥቁር አጋባሁ። አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ ልሞክረውም አላልኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለኔ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሳሎኑ ሞላ። ኦቦ ገመቹ ስፒከሩ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ በቀኝ ጆሯቸው ጮህኩ፤ በዚያ በኩል ከጮሁባቸው ጥቂት ይሰማሉ።

"ይሄን ላድርግልዎ! በዚህ ይሰሟታል!"

"ልጄን?"

"አዎ! ሌንሳን!"

ማዳመጫውን ራሴ ጆሯቸው ላይ አደረግኩላቸው። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አዴ ብርቄ ነጠላውን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሱና አጥፈው አቀፉት። ጫልቱ ኮምፒዩተሩን አብርታ መዝሙሩን መርጣ፣ ማውዙን ይዛ እኔን ትጠብቃለች። የማጉያውን ማብሪያ ተጫንኩ።

ጧ አለ። አንዴ ብቻ። ከማጉያውም ከኮምፒዩተሩም ጭስ ወጣ፤ የቴሌቪዥኑ መስኮት ጠቆረ። ገመዱን ከግድግዳው ነቅዬ ስዞር አዴ ብርቄ ነጠላውን ጥለው ኮምፒዩተሩን በሁለት እጃቸው አቅፈውታል። "ልጄን! ልጄን አቃጠላት!" እያሉ ጮሁ። ጫልቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሴቶቹ ሁሉ እንደ ቀብሩ ዕለት አለቀሱ። ኦቦ ገመቹ ግን ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው የሚያለቅሰውን ሰው ሁሉ አዩ፣ ፈገግ አሉ፣ እንባቸው ወረደ። እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ መስማት የተሳነው ሰው እንደሚናገረው ጮክ ብለው፣

"ዝም በሉ እንጂ! ጀመረች እኮ!" አሉ።

ብዙ ጠበቁ። ከዚያ ማዳመጫውን ቀስ ብለው አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

ሱቄ ወስጄ ሁሉንም ፈታሁት። እንደዚያች ባለች ማጉያ ላይ ጥቁሩም መሬት አይደለም፤ እንደ ቀዩ ጉልበት አለበት። ሁለቱን ጥቁር አጋብቼ ከኮምፒዩተሩ ብረት ጋር ሳነካካው የማጉያዋ ጉልበት በሙሉ በድምፁ ገመድ ወደ ኮምፒዩተሩ ገብቶ መዝሙሮቹ የተቀመጡባትን ቺፕ ሳይቀር አንድዷታል። በማጉያዋ ካርቶን ውስጥ ወረቀት ነበር፤ ጥቁሮቹን አንድ ላይ እንዳታገናኝ፣ ሌላ ብረትም እንዳታስነካ ይላል። ሥዕል ሁሉ አለው። ወረቀት ማንበብ ሥራ የማያውቅ ሰው ነገር ነው ብዬ አርባ ዓመት የናቅኩትን ወረቀት ያን ዕለት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። የተቃጠለውን ይዤ አዲስ አበባ የማላውቀውን ሱቅ ሁሉ ዞርኩ። የመጨረሻው ሰው በአጉሊ መነጽር አይቶ "ጋሼ፣ እዚህ ውስጥ የሚወጣ ነገር የለም" ብሎ መለሰልኝ። በማግስቱ ሱቄን ዘጋሁ።

ወር ያህል ቆይቼ ልናዘዝ ቡራዩ ሄድኩ። ኦቦ ገመቹ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ አዴ ብርቄ አጠገባቸው ምስር ይለቅማሉ። ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ነበር፤ የምቀመጥበት ዱካ ሰጡኝ። ኦቦ ገመቹ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙኝ።

"በቀለ፣ ሳላመሰግንህ ሄድክ። ስትጀምር ሰማኋት እኮ! እዚህ፣ ጆሮዬ ውስጥ። ከዚያ ይሄ የኔ ጆሮ ተዘጋ፤ እናንተ እስከ መጨረሻው ሰማችሁ። ያንተ ጥፋት የለበትም፣ የኔ ጆሮ ነው የማይረባ። ቢሆንም ስትጀምር ሰምቻታለሁ። ጋለቶሚ። ተባረክ።"

ወደ ጆሯቸው ጎንበስ አልኩ። አዴ ብርቄ ምስሩን ትተው አዩኝ፤ ራሳቸውን በጣም በቀስታ ነቀነቁ። ተውለት ማለታቸው ነው። ቀና አልኩና ምርቃቱን አሜን ብዬ ተቀበልኩ። እሳቸው የሰሙት ልጃቸው ስትቃጠል ነው፤ ያቃጠልኳትም እኔ ነኝ፤ በዚያ ላይ አሜን አልኩ።

አዴ ብርቄ እስከ አጥሩ በር ሸኙኝ። እዚያ ስንደርስ ቆሙ።

"በቀለ፣ በዋዜማው ስትሞክር አንተ ሰምተሃታል አይደል?"

"አዎ።"

"እኔ ዓመቱ አልሞላም ብዬ ወጣሁ። ጫልቱንም ይዣት ወጣሁ።" ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። "የትኛውን ነበር የምትዘምረው? በኦሮምኛ ነበር በአማርኛ? አልቆጣህም፣ እሱን ብቻ ንገረኝ።"

ያችን ደቂቃ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ደጋግሜ ፈልጌያታለሁ። ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌ የሰማሁት ቀኙና ግራው እኩል መውጣቱን ነው፣ እምምም የሚል ነገር አለመኖሩን ነው። ቃሉን አልሰማሁም። ዜማውን አልሰማሁም። አርባ ዓመት የሰው ድምፅ ሳገናኝ እንደዚያ ነው ስሰማ የኖርኩት።

"ጥርት ያለ ነበር፣ አዴ" አልኳቸው።

ሌላ እንድጨምር ቆመው ጠበቁኝ።